ሰው በዛ ወይስ ናፍጣ? የድሬን ካርቦን በደብተር መቁጠር

ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሙቀቱ ላይ ያርፋል። "አቦ ዘንድሮስ ጠንክሯል!" ይላል አንዱ። ሌላው "ሰው በዛ፣ ምን ታደርገዋለህ" ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ወደ ኳስ ይገባል። እኔን ግን ያቺ "ሰው በዛ" የምትባል መልስ ስትከነክነኝ ከረመች። እውነት ችግሩ የሰው ቁጥር ነው? ወይስ ሰው ከገጠር ከተማ ሲገባ የሚያቃጥለው ነገር መቀየሩ? አንድ ቀን ደብተር ገዛሁና መቁጠር ጀመርኩ።

እዚህ የማሳይህ ያንን አቆጣጠር ነው። የህዝብ ብዛትና ከተሜነት የአንድን ሀገር የካርቦን ልቀት እንዴት እንደሚነኩት ከገዛ ቤትህ ተነስተህ ሀገር ድረስ ማስላት ትችላለህ። የሚያስፈልግህ ደብተር፣ ስልክህ ላይ ያለው ካልኩሌተርና የአንድ ወር ትዕግስት ነው። ("አንተ" እያልኩ ነው የምቀጥለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይሠራ ታውቃለህ። አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።)

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የድሬ ሙቀት የድሬ ጭስ ያመጣው አይደለም። ከተማዋ ስትቆረቆርም ቆላ ነበረች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወጣ በኋላ ዓለምን ሁሉ ያዳርሳል፣ ለረጅም ዘመንም አይጠፋም። ስለዚህ የምንቆጥረው ለጋራው ክምር ስንት እንደምናዋጣ ነው።

መጀመሪያ ቀመሩን ያዝ። ዮይቺ ካያ የሚባል ጃፓናዊ የኢነርጂ ኢኮኖሚስት ያወጣው ነው፣ በስሙም ይጠራል። ማባዛት ብቻ ነው። ስንት ሰው አለ? ሲባዛ፣ አንድ ሰው በአማካይ ስንት ብር የሚያወጣ ምርትና አገልግሎት ይደርሰዋል? ሲባዛ፣ ያንን ለማምረት ምን ያህል ኃይል ይፈጃል? ሲባዛ፣ ያ ኃይል ምን ያህል ካርቦን ያወጣል? አራት ቁጥር፣ በቃ። ቁም ነገሩ ማባዛት መሆኑ ላይ ነው። ከአራቱ አንዱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሌሎቹ ቢያብጡም ውጤቱ ትንሽ ይሆናል። "ሰው በዛ" ባዩ ወዳጃችን የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ ነው የያዘው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የአንድ ወር ፍጆታ ጻፍ፦ ስንት ሊትር ቤንዚን፣ ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ኪሎ ጋዝ፣ ስንት ኪሎ ከሰል። ብር አትጻፍ፣ ዋጋው በየጊዜው ስለሚዘል ያምታታሃል። ሊትርና ኪሎ ብቻ። ከዚያ አባዛ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ፣ አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ 3 ኪሎ ገደማ። ወንድሜ ይህን ሳነብለት ሳቀብኝ። "አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ እንዴት ነው ሁለት ኪሎ ከምናምን ጭስ የሚወጣው?" አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ አየር ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ይይዛል፣ የኦክስጅኑ ክብደት ከካርቦኑ ይበልጣል።

መብራትስ? እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖር ይጠቅማል። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ ቀሪውም በአብዛኛው ነፋስ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው ጎን ዜሮ ብትጽፍ ብዙ አትሳሳትም። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ የሚጎትት ጉደኛ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት ሀገር ቢሆን አንድ ሰዓት እንጀራ መጋገር ራሱን የቻለ ጭስ ነበር። እዚህ ግን የለውም። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ከተነሳ ግን ናፍጣውን ጻፍ፣ አትርሳ።

ከሰል ላይ ትንሽ እንቆይ። እናቴ ከሰል የምትገዛው በጆንያ ነው፣ ጆንያ ደግሞ መለኪያ አይደለም። ከላይ ትልልቁ አምሮ ይደረደራል፣ ሳርና ቅጠል ይሸፍነዋል፣ ከታች ግማሹ ዱቄት ነው። ሚዛን ተውሼ መዘንኩት፦ 26 ኪሎ። እናቴ "ልትሸጠው ነው ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ 78 ኪሎ ጻፍኩ። ዋናው ጉዳይ ግን ከቤታችን በፊት የሆነው ነው። በአፈር በተሸፈነ ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈልጋል። እንጨቱ ታፍኖ ሲበስል ሚቴንም ይወጣል፣ ሚቴን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የባሰ ሙቀት ያፍናል። ስለዚህ የኛ 26 ኪሎ ማለት ከ130 እስከ 260 ኪሎ እንጨት ነው፣ ለቡናና ለወጥ ብቻ።

ግን ከሰልን ከቤንዚን ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ አታስገባው። ለብቻው ጻፈው። ለምን? የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ ከበቀለ የወጣውን ካርቦን መልሶ ይወስዳል። ካልበቀለ ዕዳው ይቀራል። ወደዚህ ከሚመጣው ከሰል አንዳንዱ ከፕሮሶፒስ የተሠራ ነው። እሱ ቢቆርጡት የማይሞት ወራሪ ቁጥቋጦ ነው፣ የግጦሽ መሬቱን የወረረበት አርብቶ አደር ሲቆረጥ ቢያይ ደስ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ለማደግ ብዙ ዓመት ከፈጀ ግራር የመጣ ነው። በጆንያው መልክ ግን ሁለቱን አትለያቸውም። ሻጯን ብትጠይቃት "ከሰል ከሰል ነው" ትልሃለች።

ቀጥሎ ባጃጅ። ታናሽ ወንድሜ ይነዳል። በቀን 5 ሊትር ያቃጥላል እንበል፣ ያ 11.5 ኪሎ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በኛ ቤት ሂሳብ ላይ ጻፍኩትና ቁጥሩ አስደነገጠኝ፣ ሰፈሩን ብቻችንን የምናጨስ መሰለኝ። ስህተት ነበር። ወንድሜ ያቃጠለው ለተሳፋሪዎቹ ነው። በቀን 60 ሰው ካመላለሰ ለአንድ ሰው ለአንድ ጉዞ 190 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። አሁን ከቤት መኪና ጋር አወዳድረው። ብቻህን 4 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ መኪናህም በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ፣ ከ900 ግራም በላይ ነው። ስለዚህ ባጃጁን ለጠቀመው ሰው አካፍል፣ አንተ በወር ስንት ጊዜ እንደተሳፈርክ ቆጥረህ በ190 ግራም አባዛ።

የኛ ቤት የአንድ ወር ሂሳብ ይህን መሰለ። ጋዝ 18 ኪሎ፣ ባጃጅ 17 ኪሎ፣ አንድ ላይ 35። ከሰል ለብቻው 78። ስድስት ነን። ያለ ከሰሉ ለአንድ ሰው በዓመት 70 ኪሎ ሆነ፣ ከከሰሉ ጋር ወደ 226። በነገራችን ላይ ማካፈሉ ራሱ ትምህርት አለው። የአጎቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ይኖራል። አንድ ፍሪጅ ለአንድ ሰው፣ አንድ ምድጃ ለአንድ ሰው። እኛ ጋ አንድ ከሰል ላይ ስድስት ሰው ቡና ይጠጣል። ከተማ ሲሰፋ ቤተሰብ ይሳሳል፣ የቤቱ ቁጥር ከሰው ቁጥር ይፈጥናል፣ ካርቦኑ ደግሞ የሚከተለው ቤቱን ነው። የወሊድ ቁጥሩንም እይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ በሀገር ደረጃ 4.6 ልጅ ትወልድ ነበር፣ ድሬዳዋ 3.1፣ ሐረሪ 4.1፣ አዲስ አበባ 1.8። ከተሜነት ራሱ ወሊድን ይቀንሳል። ማለትም የቀመሩን የመጀመሪያ ቁጥር ወደ ታች እየጎተተ ሁለተኛውን ወደ ላይ ይገፋል።

አሁን ያቺን 70 ኪሎ ከሀገሩ አማካይ ጋር ስታስተያያት ግራ ይገባሃል። ኢትዮጵያ ከነዳጅና ከሲሚንቶ የምታወጣው በነፍስ ወከፍ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ፣ የአሜሪካ 14 ቶን ገደማ ነው። አንድ አሜሪካዊ የኛን 90 ሰው ያህል ያወጣል። እሺ፣ እኔ ቤት 70 ከሆነ ቀሪው 80 የት አለ? ከጅቡቲ መንገድ ላይ የሚርመሰመሰው የጭነት መኪና ናፍጣ ውስጥ አለ፣ ፋብሪካ ውስጥ አለ። ቀላል የማይባለው ደግሞ ሲሚንቶ ውስጥ አለ። ከተሜነት የሚባለው ነገር ካርቦን የሚሆነው እዚህ ጋ ስለሆነ ሲሚንቶን በደንብ እንየው።

ሀገራችን የመጀመሪያውን ሲሚንቶ ፋብሪካ ያየችው እዚሁ ድሬ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ። ሰው የሲሚንቶ ጉዳት ሲባል አቧራው ይመስለዋል። ዋናው ግን አይታይም። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲጋገር ከውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፦ ከ100 ኪሎ ንጹህ ድንጋይ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይበርራል። ምድጃውን በፀሐይ ብታነደው እንኳ ይህ አይቀርም፣ ጋዙ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነውና። የምድጃው ነዳጅ ሲታከልበት አንድ ቶን ሲሚንቶ፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ፋብሪካው፣ ከ600 እስከ 900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል።

ስለዚህ ቤት የሠራ ጎረቤት ፈልግና ስንት ኩንታል እንደፈጀ ጠይቀው። ሰው ደመወዙን ይደብቅሃል እንጂ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደጨረሰ በደስታ ነው የሚነግርህ፣ ከነምሬቱ። 100 ኩንታል ካለህ 10 ቶን ነው። በ700 ኪሎ ብታባዛው 7 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ። 7 ቶን ማለት በ150 ኪሎ ሂሳብ የአንድ ኢትዮጵያዊ የ47 ዓመት ገደማ ድርሻ ነው! ሊሾው ሳይደርቅ። በእርግጥ ቤቱ 50 ዓመት ይቆማል፣ አምስት ስድስት ሰው ይኖርበታል፣ ስለዚህ ሲካፈል ያንሳል። ሀገሩ ግን ልቀቱን የሚመዘግበው በተመረተበት ዓመት ነው። በአንድ ጊዜ ሰፈር ሙሉ ሲገነባ ቁጥሩ ዘልሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ፌሮው ከውጭ ከመጣ ደግሞ ጭሱ የተመዘገበው ብረቱን ባቀለጠው ሀገር ነው። እኛ ደብተር ላይ የለም፣ አየሩ ላይ ግን አለ።

ከገጠር የሚመጣውን ሰው በዚህ ዓይን ተመልከተው። ከጨለንቆ አካባቢ መጥቶ ድሬ የሰፈረ ዘመድ አለን። እዚያ እያለ እንጨትና ኩበት ያነዳል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ቤቱ ጭቃ ነው። የነዳጅ ዓምዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ድሬ ሲገባ ከሰል፣ ባጃጅ፣ የብሎኬት ቤት፣ በከባድ መኪና የመጣ ዱቄት። ዓምዱ በአንድ ዓመት ሞላ። ሰው አልተጨመረም፣ ያው አንድ ሰው ነው። ታዲያ ገጠር ይቅር ነበር ማለት ነው? ቆይ፣ አትቸኩል። ሌላ ዓምድ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ኢትዮጵያ በ2010 ያወጣችውን አጠቃላይ የሙቀት አማቂ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ነበር የቆጠረው፣ ከዚህም ከ85 በመቶ በላይ ከግብርናና ከደን ነው። የከብት ሚቴን፣ የተመነጠረ ጫካ። ነገሩ በነበረበት ከቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል ብሎም ገምቷል። እንግዲህ ገጠር ያለው ዘመዳችን የነዳጅ ዓምዱ ባዶ ቢሆንም፣ ማሳው ለልጆቹ ሲከፋፈልና አዲስ መሬት ሲመነጠር የደን ዓምዱ ይሞላል። የሰው መብዛት በኛ ሀገር ጎልቶ የሚታየው እዚህ ዓምድ ላይ ነው። 150 ኪሎ የሚለው የነዳጅና የሲሚንቶ ብቻ ነው፣ ይሄኛው የሁሉም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከደባለቅህ ሂሳብህ ገደል ይገባል። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቶብኛል።

ሀገሩን ለማስላት የህዝብ ቆጠራ ቁጥር ያስፈልግሃል። ድሬዳዋ አስተዳደር በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 251,864 ሰው ነበራት፣ በ1999 ደግሞ 341,834። ከሦስት ሰው ሁለቱ ከተማ ውስጥ ነበር፣ በሀገር ደረጃ ግን ከተሜው 16 በመቶ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በ1987 ወደ 53.5 ሚሊዮን ነበረች፣ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆነች ይገመታል። ሁለት ሙከራ አድርግ። አንደኛ፣ 120 ሚሊዮኑን 240 አድርገውና 150 ኪሎውን እንዳለ ተወው፦ 18 ሚሊዮን ቶን ወደ 36 ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሰዉን 120 ላይ አቁመውና ነፍስ ወከፉን አንድ ቶን አድርገው፣ ያውም ከዓለም አማካይ ሩብ የማይሞላ፦ 120 ሚሊዮን ቶን። "ሰው በዛ" ላለው ወዳጄ ያሳየሁት ይህችን ነው። ስልኩን ወስዶ ራሱ ደግሞ አባዛት።

አራተኛዋን ቁጥር፣ ኃይሉ ስንት ካርቦን አለው የምትለዋን፣ ድሬ ላይ ቆሞ ማየት ቀላል ነው። ከተማዋ የተወለደችው ከባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ እዚህ ቆመ፣ ከተማ ሆነ። ያ ባቡር በእንፋሎት ኋላም በናፍጣ ይሄድ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ያው ጭነት፣ ያው መንገድ፣ ናፍጣው የለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፣ በጳጉሜን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። በሀሳብህ የወንድሜን ባጃጅ ባትሪ አድርጋትና ከላይ ያለችውን 11.5 ሰርዛት።

ርቀትም መለካት አለበት። ሐረር ብትወጣ ጀጎል ውስጥ ግባና ሞክረው። ግንቡ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውስጡ 48 ሄክታር አካባቢ። ከበር እስከ በር በእግርህ ትጨርሰዋለህ። በልብስ ስፌት ማሽኖቹ ድምፅ ስም በወጣለት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ስታልፍ ጨርቁም ሰፊውም ገበያውም በጥቂት እርምጃ ውስጥ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና ብታመጣም አይረዳህም። እኛ ድሬዎች ግን ሳቢያን የሚባለውን ሰፈር አልፈን ወደ ዳር እየሄድን፣ መሬት ርካሽ ነው ብለን እየሠራን ነው። ከዳር ተነስቶ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ለመድረስ ሁለት ባጃጅ መቀያየር ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ 190 ግራም፣ መልሱ ሲጨመር አራት ጊዜ። የከተማ ሰው ስለሆንክ ብቻ አይደለም የምታጨሰው፣ ከተማው እንዴት እንደተዘረጋ ይወስነዋል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ከሰል ዓመት ባልሞላ ጊዜ መተው ይቻላል፣ አንዴ የተዘረጋ ሰፈር ግን ተመልሶ አይጠቀለልም።

ለመጀመር ካሰብክ ወሩን ምረጥ። ረመዳን ወይም ሰርግ ያለበት ወር አይሁን፣ ከሰሉም ባጃጁም ከልኩ ያልፋል። ሚዛኑንም ከሰፈር ሱቅ ተዋስ። ጆንያውን ስትመዝን ግን እናትህ ቡና ካፈላች በኋላ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ከነካኸው አትለቅህም።